ባልሩም ታንጎና የአርጀንቲና ታንጎ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ታንጎ የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ታንጎ ከተባሉ ለምን ተለያዩ?

እናታቸው አንድ ናት። ታንጎ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስና በኡራጓይዋ ሞንቴቪዴዮ ድሃ ሰፈሮች ነው። ከጣሊያንና ከስፔን የመጡ ስደተኞች አሉበት። በባርነት ከተወሰዱ አፍሪካውያን የተወለዱም አሉበት፤ የእነሱ ድርሻ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ፓሪስ አበደችለት። ከዚያ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዞች ደንብ አወጡለት፤ እርምጃው ስም ወጣለት፣ ለውድድር እንዲመች ተደረገ። ባልሩም ታንጎ ይሄ ነው። በቦነስ አይረስ የቀረው ደግሞ በራሱ መንገድ አደገ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ላይ በምን ልለያቸው?

መጀመሪያ አያያዛቸውን እይ። በባልሩም ወገባቸው አካባቢ ይገናኛሉ፤ ከደረት በላይ ግን ይራራቃሉ። ሴቷ ወደ ግራዋ ታያለች፣ አንገትም በድንገት ዞር ይላል። በአርጀንቲናው ተገላቢጦሽ ነው። ደረት ለደረት፣ አንዳንዴም ጉንጭ ለጉንጭ ይቀራረባሉ፤ ከታች ግን ለእግር ቦታ ይተዋሉ። አንገት መስበር የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ሙዚቃውስ?

ባልሩም ላይ የሰልፍ የሚመስል ጠንካራ ምት አለ፤ ፍጥነቱም አይለዋወጥም። በአርጀንቲናው ግን ከበሮ ብዙ ጊዜ አትሰማም። ባንዶኒዮን (አኮርዲዮን የሚመስል መሣሪያ)፣ ቫዮሊን፣ ፒያኖና ኮንትራባስ ናቸው። ለጀማሪ የታንጎ ኦርኬስትራ መሪውን ካርሎስ ዲ ሳርሊን እመክራለሁ፤ እርጋታው ለመራመድ ይመቻል። ሌላውን የኦርኬስትራ መሪ ኦስቫልዶ ፑግሊየሴን ለኋላ አቆየው። የእሱ ሙዚቃ ይጎተታል፣ ይቆማል፤ አንተም አብረህ መቆም መቻል አለብህ።

ጥያቄ፦ ባልሩም ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ሚሎንጋ ብሄድ ይሆንልኛል?

(ሚሎንጋ ታንጎ የሚጨፈርበት ምሽት ነው።) ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ነው የሄድኩት። በዕድሜ የገፉ ሴትዮ አብረውኝ ተነሱ። የማውቀውን ሁሉ በአንድ ዘፈን ልጨርሰው ስል ትከሻዬን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና "ዝም ብለህ ተራመድ" አሉኝ። ተራመድኩ። ያኔ ነው ክብደታቸው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲዛወር በደረቴ የተሰማኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቁጥር ስቆጥር አብራኝ የምትጨፍረዋን ሰው አላዳምጥም ነበር። በአርጀንቲና ታንጎ የተጠና ቅደም ተከተል የለም። አንድ እርምጃ ትጋብዛለህ፣ እሷ እስክትደርስ ትጠብቃለህ፣ ቀጣዩ ከዚያ ይመጣል። የባልሩም ሚዛንህና ጆሮህ ይጠቅሙሃል። ረጃጅም እርምጃህን ግን ቤት ተወው፤ ሰው ትመታለህ።

ጥያቄ፦ ሰው እንዴት ነው የሚጋበዘው?

በዓይን። ከሩቅ ታያታለህ፤ ካየችህ ራስህን ነቅነቅ ታደርጋለህ፤ እሷም ከነቀነቀች ትነሳላችሁ። ካቤሴዮ ይባላል። ካልፈለገች ዓይኗን ታዞራለች፤ ማንም አያፍርም። ይሄን ሥርዓት በጣም ነው የምወደው። አብራችሁ የምትጨፍሩት ሦስት ወይም አራት ዘፈን ነው። መሃል ላይ "ግራሲያስ" እንዳትል፤ ምስጋና ቢሆንም "በቃኝ" ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጫማ ልግዛ?

ገና ነው። ሶሉ ወለል የማይዝ፣ በደንብ የሚሽከረከር ጫማ ካለህ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እስክስታ እችላለሁ። ይጠቅመኛል?

እህቴ፣ ምት የለመደ ጆሮሽ ትልቅ ሀብት ነው። ትከሻሽን ግን አሳርፊው። በታንጎ መልእክቱ የሚያልፈው በደረት ነው፤ ትከሻሽ ሳታስቢው ከተነቃነቀ፣ ያቀፈሽ ሰው ልትዞሪ የጀመርሽ ይመስለዋል።