ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፋ ባለዚፕ ቦርሳ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ጂንስና ከሸሚዝ ገበር የእርሳስ መያዣ ሰፋሁ። ከዚፑ ግራና ቀኝ ያሉት ጫፎች ግን አብጠው ወደ ውስጥ ተሰረጎዱ፤ እዚያው ቦታ ላይ መርፌም ተሰበረብኝ። ምን ባደርግ ይስተካከላል?

መልስ፦ ችግሩ ያለው ስፌትዎ ላይ ሳይሆን ዚፑ ርዝመት ላይ ነው። ዚፑ ከጨርቁ እኩል ሲረዝም ጥርሱ፣ የዚፑ ጨርቅ፣ ጂንሱና ገበሩ አንድ የጎን ስፌት ውስጥ ተደራርበው ይታጨቃሉ። መርፌው ያንን ሁሉ መብሳት ያቅተዋል፤ ቢበሳውም ማዕዘኑ ሲገለበጥ አይወጣም። ስለዚህ ዚፑን አሳጥረው ጫፎቹን በቁራጭ ጨርቅ ይሸፍኗቸው።

ልኩን በምሳሌ እንየው። ከውጭ ጨርቁ ሁለት፣ ከገበሩ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 22 በ16 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ። ለጎንና ለታች ስፌት 1 ሳንቲ ሜትር፣ ለዚፑ ስፌት 7 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተዉ። ያለቀው ቦርሳ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የናይለን ዚፕ ከሆነ የሚሳበውን ራስ መጀመሪያ ወደ መሃል ያምጡት፤ ዳር ላይ እንዳለ ከቆረጡት ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ ዚፑን ከነራሱ ጨርቅ 19 ሳንቲ ሜትር ላይ በተራ መቀስ ይቁረጡና ሁለቱን ጫፎች ጥርሱ ላይ ወዲያ ወዲህ በተመላለሰ ስፌት ይዝጉ። የብረት ዚፕ ሲሆን ግን በመቀስ አይሞክሩት፤ ከሚቆረጥበት ቦታ ላይ ጥቂት ጥርሶችን በፒንሳ ይንቀሉና ጨርቁን ብቻ ይቁረጡ።

ለመሸፈኛ ሁለት ቁራጮች፣ 3 በ8 ሳንቲ ሜትር ያዘጋጁ። ቀጭን ይሁኑ፤ ጂንስ እዚህ ቦታ ላይ አያስፈልግም። የእያንዳንዱን ሁለት አጭር ጫፎች 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፈው በካውያ ይተኩሱ፤ ከዚያ ቁራጩን መሃል ለመሃል እጠፉት። የዚፑን ጫፍ በታጠፉት ጠርዞች መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ያስገቡና ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ይስፉ። በሁለቱ መሸፈኛዎች መካከል የሚታየው ዚፕ 17 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። በመጨረሻ ጠቅላላ ርዝመቱ 22 እንዲሆን ከሁለቱም ወገን እኩል ይከርክሙ። እንዲህ ሲሆን የዚፑ ጫፍ ከጎን ስፌቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቀራል፤ መርፌዎ የሚያገኘው ጨርቅ ብቻ ነው።

ጎኑን ሲሰፉ ዚፑን ቢያንስ እስከ ግማሽ ይክፈቱት። ተዘግቶ ከተሰፋ ቦርሳውን መገልበጫ መንገድ የለም፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። የታጠፈው ዚፕ ጥርሱ ወደ ገበሩ በኩል ይተኛ። በገበሩ ታች 8 ሳንቲ ሜትር መገልበጫ ይተዉ። ማዕዘኖቹን ከስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር አስቀርተው በሰያፍ ይቁረጧቸው። ለጂንስ 16 ቁጥር መርፌ ይሻላል፤ ወፍራሙ ቦታ ሲደርሱ ፔዳሉን ትተው የመኪናውን መዘውር በእጅዎ ያዙሩ።

ጥያቄ፦ ዚፑ ከተሰፋ በኋላ ቀጥ አይልም፤ ይጨማደዳል። ጨርቁን በደንብ ወጥሬ ነው የምሰፋው።

መልስ፦ መወጠሩ ራሱ ነው የሚያጨማድደው። ሲሰፋ የተለጠጠ ጨርቅ ሲለቀቅ ይሰበሰባል፤ ዚፑ ግን አይሰበሰብም። ቁርጥራጭ ሲሆን ሌላም ችግር አለ፦ ከየልብሱ የተረፈው ብዙ ጊዜ በሰያፍ የተቆረጠ ነው። ከመቁረጥዎ በፊት ጨርቁን በሁለት እጅዎ ይሳቡት። በዚፑ አቅጣጫ የሚለጠጥ ከሆነ አዙረው ድሩ ወይም ማጉ ከዚፑ ጋር እንዲሄድ አድርገው ይቁረጡ። ለሚለጠጥ ጨርቅ፣ ለቲሸርት ለምሳሌ፣ ከጀርባው በካውያ የሚለጠፍ ማጠንከሪያ የግድ ነው። ማጠንከሪያ ከሌለ ከአሮጌ የጥጥ አንሶላ በዚያው ልክ ቆርጠው ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ዙሪያውን አብረው ይስፉት።

ስፒል ብቻ አይበቃም። ዚፑን በእጅ፣ በረጃጅም ስፌት ለጊዜው ያያይዙትና ከዚያ በመኪና ይሂዱበት፤ የስፌቱ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። የዚፑ ራስ መንገድ ሲዘጋ ብዙዎች ዞረው ያልፉታል፤ ስፌቱ የሚጣመመው እዚያ ጋ ነው። መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አውርደው፣ የመኪናውን እግር አንስተው፣ ራሱን ወዳለፉበት ይሳቡትና ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ዚፑን ስዘጋ ገበሩን ይነክሰዋል።

መልስ፦ ገበሩና የውጭ ጨርቁ ከዚፑ ወደ ኋላ ተተኩሰው ከላይ አልተሰፉም ማለት ነው። ከጥርሱ ርቀው በካውያ ይተኩሷቸው፤ የናይለን ጥርስ በሙቀት ይቀልጣልና ጨርቅ ጣል ያድርጉበት። ከዚያ ከታጠፈው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ሁሉንም ድርብ የሚይዝ አንድ መስመር ይስፉ። ቦርሳው አልቆ ከሆነ ይኸው መስመር በእጅ ሊሰፋ ይችላል፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ያለኝ ጣት የሚያክል ቁርጥራጭ ነው። ቀጣጥዬ ብሰፋ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ሂሳቡን ግን ቀድመው ይሥሩ። በ7 ሚሊ ሜትር ትርፍ የተገጠመ እያንዳንዱ መጋጠሚያ 1.4 ሳንቲ ሜትር ይበላል። አራት ቁራጭ ገጥመው 22 ሳንቲ ሜትር ለማግኘት ሦስት መጋጠሚያዎች አሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ወደ 6.6 ሳንቲ ሜትር ወርድ ሊኖረው ይገባል። መጋጠሚያዎቹን ከጀርባ ከፍተው ይተኩሱ፤ ወደ አንድ ወገን ከተኙ ይወፍራሉ። የተቀጣጠለው ክፍል ዚፑ ድረስ ባይደርስ እመርጣለሁ፦ ከዚፑ ሥር 4 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ያልተቀጠለ ጨርቅ ያድርጉና ከዚያ በታች እንደፈለጉ ይቀጣጥሉ።

ያረጀ ጨርቅ ሁሉ አያገለግልም። ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት፤ ከሳሳ ወይም በአውራ ጣትዎ ሲገፉት ከተተረተረ ለገበርም አይሆንም። ጥቁርና ቀይ ጨርቅን በረጠበ ነጭ ጨርቅ ይሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ከነጣ ጨርቅ ጋር አይግጠሙት።

ጥያቄ፦ ቦርሳዬ ጠፍጣፋ ነው። ቁጭ እንዲል ታቹን እንዴት ላስፋው?

መልስ፦ አራቱም ጨርቆች ላይ፣ የውጩም የገበሩም፣ ከታች ማዕዘኖች 2 በ2 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ቆርጠው ያውጡ። የጎኑንና የታቹን ስፌት ከጨረሱ በኋላ የተቆረጠውን ክፍት ማዕዘን የጎን ስፌቱ ከታች ስፌቱ ጋር እንዲገጥም አድርገው ይክፈቱና በዚያው በ1 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይስፉት። የታቹ ስፋት 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የቆረጡት እጥፍ ማለት ነው። የታቹ ርዝመት ደግሞ ከ20 ወደ 16፣ ቁመቱም ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ረዘም ያለ እርሳስ የሚይዝ ከሆነ ከመጀመሪያው ጨርቁን በወርዱ 26 አድርገው ይቁረጡ፤ ዚፑንም በዚያው ልክ 23 ሳንቲ ሜትር ያድርጉት።