የጊታር ሆድ ውስጥ ያሉት እንጨቶች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ ጊታር እሠራለሁ፣ የተሰበረም እጠግናለሁ። ሰሞኑን ከፊት ሳንቃው በስተውስጥ ስለሚለጠፉት የድጋፍ እንጨቶች የሚጠይቁኝ በዝተዋል። ጥያቄያችሁን ልካችሁልኛል፤ መልሱ ይኸው።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ እንጨቶቹ ባይኖሩስ?

ጊታሩ አይቆይም። ስድስት ቀጫጭን የብረት ክሮች ሲቃኙ አንድ ላይ 70 ኪሎ አካባቢ ይስባሉ። የፊት ሳንቃው ውፍረት ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ድጋፍ ከሌለው ከብሪጁ (ክሮቹ ሳንቃው ላይ ከሚታሰሩበት እንጨት) በስተኋላ ያብጣል፣ የድምፅ ቀዳዳው አካባቢ ይሰምጣል። እንጨት ብታበዛበት ደግሞ ሳንቃው አይንቀጠቀጥም። ያኔ ድምፁ ይታፈናል።

ከወልዲያ፦ ስንት ዓይነት አሠራር አለ? ጀማሪ በየትኛው ይጀምር?

ብዙ አለ፤ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው የኤክስ ቅርጽ ነው። ሁለት ረጃጅም እንጨቶች በቀዳዳውና በብሪጁ መካከል ይሻገራሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1840ዎቹ ማርቲን የሚባለው ሠሪ ተጠቀመበት። ያኔ ክሩ ከአንጀት የሚሠራ ነበር። የብረት ክር ሲስፋፋ ግን ጉልበቱን የቻለው ይኸው ኤክስ ሆነ።

ሁለተኛው የማራገቢያ ቅርጽ ነው፤ ቀጫጭን እንጨቶች ከቀዳዳው በታች ወደ ግርጌው ይዘረጋሉ። ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳደገው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት እንጨት ያደርግ ነበር። ይህ ሰው በ1862 ጎኑንና ጀርባውን ከተቦካ ወረቀት የሠራው ጊታር አለ። ድምፁን የሚሰጠው የፊት ሳንቃው መሆኑን ለማሳየት ነው። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

ሦስተኛው እንደ መሰላል ርብራብ አግድም የሚደረደረው ነው። ከሁሉም የቆየ፣ ለመሥራትም የቀለለ።

ምርጫው በክሩ ነው። ለብረት ክር ኤክስ፣ ለናይለን ማራገቢያ። በማራገቢያው ላይ የብረት ክር እንዳትወጥር፤ የናይለን ስበት ከብረቱ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ከሐይቅ፦ ዋንዛ ለድጋፍ ይሆናል?

ዋንዛን ለጎንና ለጀርባ ብታደርጊው ደስ ይለኛል፣ እህትዓለም። ለድጋፍ ግን ቀላልም ግትርም እንጨት ነው የሚፈለገው። በዓለም ላይ የተለመደው ስፕሩስ የሚባለው የውጭ አገር ጥድ መሰል ዛፍ ነው። እኛ ጋ ከፈረሰ ቤት የወጣ፣ የከረመ ጥድ ካገኘሽ ሞክሪው። ከስፕሩስ ስለሚከብድ ቀጠን አድርጊው። ለዚህ ብለሽ የቆመ ጥድ እንዳታስቆርጪ፤ አገር በቀል ዛፎቻችን ተመናምነዋል።

በመጋዝ ከመሰንጠቅሽ በፊት በመጥረቢያ ፍለጪው። ቀጥ ብሎ ከተፈለጠ ጭረቱ ቀጥ ያለ ነው። ተጣሞ ከተፈለጠ ለማገዶ ይሁን። ስትለጥፊው ደግሞ የእንጨቱ ዕድገት መስመሮች በሳንቃው ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ።

ከደሴ፦ የእኔ ጊታር ድምፁ ታፍኗል። እንጨቱን ከጎኑ ልላገው ወይስ ከላዩ?

ከላዩ! ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ቅርጹ ይከራከራል፤ ለእኔ ግን ከቅርጹ ይልቅ ቁመቱ ይበልጣል። የአንድ እንጨት ግትርነት ከወርዱ ጋር እኩል ነው የሚቀንሰው፤ ከቁመቱ ጋር ግን ቁመቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። 15 ሚሊ ሜትር የነበረውን 12 ብታደርገው ግትርነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከወርዱ አንድ አምስተኛውን ብትቀንስ የምታጣው ያንኑ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ መላጊያው ላዩ ላይ ሲያርፍ እጅህ ይጠንቀቅ።

ጥቂት ላግ፣ ሳንቃውን በሁለት ጣት አንጠልጥለህ በሌላኛው እጅህ አንኳኳ፣ አዳምጥ። ደረቅ "ቷ" የሚለው ረዘም ወዳለ ድምፅ ሲለወጥ ትሰማዋለህ። እዚያ ስትደርስ ቁም። "ትንሽ ብቻ ልጨምር" የሚለው ነው ብዙ ሳንቃ ያበላሸው። ክር ከተወጠረ በኋላ የጊታሩ ድምፅ በራሱ ጊዜ ይከፈታል።

ከባቲ፦ ለቅኝታችን የሚሆን የተለየ አሠራር አለ?

ለቅኝት ተብሎ የተለየ ድጋፍ የለም፣ ወንድምዓለም። ባቲም አምባሰልም በጣትህ ነው የሚመጡት። ግን አጨዋወትህ ለውጥ ያመጣል። እንደ ክራር ነጠላ ድምፅ እየለቀምክ የምትጫወት ከሆነ የአግድሙን አሠራር አትናቀው። ድምፁ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎም ይከስማል፤ አንዱ በሌላው ላይ አይደራረብም። አንቺሆዬን በዚህ ስሰማ ልቤ ይሞቃል። ኮርድ እየመታህ ለምትዘፍንበት ግን ኤክስ ይሻላል።

ከኮምቦልቻ፦ በጋ ሲገባ ጊታሬ ዝዝ ይላል።

አንዱ እንጨት ለቆ ይሆናል። በቀዳዳው ትንሽ መስታወትና ባትሪ አስገብተህ እይ፤ በጣትህም ሳንቃውን አንኳኳ። የለቀቀበት ቦታ ላይ ዝዝ ይላል። በስስ ወረቀት ኮላ አስገባና አጥብቀህ እሰረው፤ ሌሊቱን ይደር። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም፣ ምድጃ አጠገብም አታስቀምጠው።

ከላሊበላ፦ ሞርሳ የለኝም። በምን አስሬ ልለጥፍ?

በቀርከሃ። ሳንቃውን ጠረጴዛ ላይ ታስተኛለህ፣ ከላዩ ጠንካራ ጣውላ እንደ ጣሪያ ታቆማለህ። ከዚያ በመካከላቸው ካለው ርቀት ትንሽ የረዘመ የቀርከሃ ስንጥቅ ቀስት አድርገህ ትወትፋለህ። ቀርከሃው ልቃና ሲል እንጨቱን ወደታች ይጫነዋል። ታላላቅ ሠሪዎችም የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። የተረፈውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።