የአንጎል የደም ሥሮች የአፈጣጠር መዛባት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እህቴ በኤምአርአይ ምርመራ ኤቪኤም ተገኝቶባታል። ምን ማለት እንደሆነ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ በጤናማ አንጎል ውስጥ ደም ከደም ወሳጅ ወደ ደም መላሽ ሥሮች የሚሻገረው እንደ ፀጉር በቀጠኑ ሥሮች በኩል ሲሆን፣ ግፊቱ የሚበርደውም ኦክስጅን ለሕዋሳት የሚታደለውም እዚያ ነው። ኤቪኤም የደም ወሳጅና የደም መላሽ ሥሮች የአፈጣጠር መዛባት ሲሆን፣ በእሱ ይህ መሸጋገሪያ የለም። ደም ወሳጆቹ በተወሳሰበ የሥር ቋጠሮ አማካይነት በቀጥታ ከደም መላሾቹ ጋር ስለሚገናኙ፣ ኃይለኛው ግፊት እሱን ለመሸከም ባልተሠራ ስስ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ሥሩ ፈንድቶ ደም የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ከአኑሪዝም ይለያል?

መልስ፦ ይለያል። አኑሪዝም የደም ወሳጅ ግድግዳ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ የሚፈጠር ነው።

ጥያቄ፦ እስካሁን ደም አልፈሰሳትም። ቀዶ ሕክምና ማድረግ አለባት?

መልስ፦ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ፈስሶ የማያውቅ ኤቪኤም በዓመት የመፍሰስ ዕድሉ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ አንዴ ከፈሰሰ ግን አደጋው ይጨምራል። በ2014 የታተመው አሩባ የተባለ ጥናት፣ ደም ባልፈሰሳቸው ሰዎች ላይ ሥሩን ሳይነኩ ምልክቶቹን ብቻ በመድኃኒት ማከም የተሻለ ውጤት እንዳሳየ ገልጿል። ሆኖም ታካሚዎቹ የታዩት በአማካይ ለ33 ወራት ያህል ብቻ ስለነበር፣ ገና ብዙ ዓመት ለሚኖር ወጣት ይህን መደምደሚያ እንዳለ መውሰድ፣ በእኔ አስተያየት፣ ችኮላ ነው። ሐኪሞቿ የቋጠሮውን መጠን፣ ለንግግር ወይም ለእንቅስቃሴ ወሳኝ በሆነ ቦታ ላይ መሆን አለመሆኑን፣ ደሙም ወደ ጥልቅ ደም መላሾች መፍሰስ አለመፍሰሱን አይተው ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጡታል። እስከዚያው ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት፣ የሚጥል ሕመም ወይም የአካል መዛል ከታየባት ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለባት።

ጥያቄ፦ የጨረር ሕክምናው ወዲያው ያድናል?

መልስ፦ አያድንም። ጨረሩ የሥሮቹን ግድግዳ ቀስ በቀስ አወፍሮ እስኪዘጋቸው 2 ወይም 3 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ የመፍሰስ አደጋው አይወገድም። ይበልጥ የሚሠራውም ከ3 ሳንቲ ሜትር ለሚያንሱት ነው። በካቴተር (በደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማጣበቂያ መሰል ፈሳሽ አስገብቶ ሥሩን መድፈንም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ለቀዶ ሕክምናው መንገድ የሚጠርግ እንጂ ራሱን የቻለ ፈውስ አይደለም። በከፊል የተዘጋ ኤቪኤም ሊደማ ስለሚችል፣ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ በአንጂዮግራፊ (የደም ሥሮችን በሚያሳይ የምስል ምርመራ) መረጋገጥ አለበት።

ጥያቄ፦ የእኔ ውጤት የደም መላሽ ሥር የአፈጣጠር ልዩነት ነው ይላል። ይወገድልኝ?

መልስ፦ አይነካ። መልኩ ያልተለመደ ቢሆንም ከጤናማ የአንጎል ክፍል ደም የሚመልሰው እሱ ስለሆነ፣ ቢዘጋ ያ ክፍል ይጎዳል።