ተከታታይ ምዘና በአማርኛ ክፍለ ጊዜ፦ ጥያቄና መልስ

አማርኛ የሚያስተምሩ መምህራንና ልጆቻቸው የሚማሩላቸው ወላጆች ስለ ተከታታይ ምዘናና ግብረ መልስ ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በእኛ ትምህርት ቤት 60ው ነጥብ በተከታታይ ምዘና፣ 40ው በማጠቃለያ ፈተና ነው የሚያዘው። በየሳምንቱ አጭር ፈተና እሰጣለሁ፤ ተማሪዎቹ ግን ሲሻሻሉ አላይም። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጎደለው ከፈተናው በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ሲያስገባ የታሰበው ተማሪው የተቸገረበትን ቶሎ አውቆ ለማገዝ ነበር። በብዙ ክፍሎች ግን 60ውን ነጥብ ለመሙላት የሚሰጥ የትንንሽ ፈተናዎች ክምር ሆኗል። ከስድስት አጭር ፈተና ሦስቱን ይተዉ። በተረፈው ክፍለ ጊዜ የታረመውን ወረቀት ይመልሱና ተማሪዎቹ እዚያው ተቀምጠው ስህተታቸውን አስተካክለው ይጻፉ። ደወል ሊደወል ሲል የታደለ ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ 65 ተማሪ አለኝ። የሁሉንም ድርሰት እንዴት ላርም?

መልስ፦ በአንዴ ሁሉንም አያርሙ። በሳምንት 13 ደብተር ይሰብስቡ፤ በአምስት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳሉ። ተራው ያልደረሰ ተማሪም ይጽፋል፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይተያያል።

ሁለተኛው ነገር፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ብቻ ያርሙ። አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ትናንት ከእናቴ ጋር ገበያ ሄድን እናቴ ሽንኩርትና በርበሬ ገዛች ለእኔም ከረሜላ ገዛችልኝ ማታ አባቴ ሲመጣ ቡና ተፈላ»። ብዙዎቻችን አራቱን አራት ነጥብ በቀይ እስክሪብቶ እናስገባና ከሥሩ «በርታ 6/10» እንላለን። ሥራውን የሠራው መምህሩ ነው፤ ልጁ የሚያየው 6ቱን ብቻ ነው። በዚህ ፈንታ እንዲህ ይጻፉለት፦ «እናትህ የገዛችውን ለይተህ መጻፍህ ጥሩ ነው። አሁን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። ሐሳቡ የሚያልቅባቸውን አራት ቦታዎች ፈልግና አራት ነጥብ አስገባ።» ቁጥሩን ነገሩት፣ ቦታውን ግን ራሱ ይፈልግ። የሚቀጥለው ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት አራት ነጥቡን ነው።

ፊደሉንም፣ ሰዋስዉንም፣ ሥርዓተ ነጥቡንም በአንድ ቀን ያረሙለት ልጅ ገጹ ቀልቶ ሲያይ ደብተሩን ይዘጋል። ይህን በደንብ ልብ ይበሉልኝ።

ጥያቄ፦ አስተያየቱን ከነጥቡ ጋር አብሬ ብጽፍስ?

መልስ፦ ባይጽፉ እመርጣለሁ። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ በተማሪዎች ላይ ያደረገችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1988 ታትሟል። አስተያየት ብቻ ያገኙት ተማሪዎች ተሻሽለዋል፤ ነጥብና አስተያየት አብሮ የተሰጣቸው ግን ነጥብ ብቻ ካገኙት አልተሻሉም። ነጥቡን በእርስዎ ማርክ ሊስት ይያዙት፤ ልጁ እርማቱን ሠርቶ ሲመልስ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ንባብ በምን ልለካ?

መልስ፦ ልጁ ከዚህ በፊት ያላነበበው ምንባብ ያዘጋጁ፤ በአንድ ደቂቃ የማያልቅ ይሁን። አንዱ ቅጂ ለልጁ፣ አንዱ ለእርስዎ። ሰዓት ይዘው 60 ሰከንድ ያስነብቡ፤ በተሳሳተው ቃል ላይ ጭረት ያድርጉ። ራሱ መልሶ ያረመው እንደ ትክክል ይቆጠራል። 47 ቃል አንብቦ 5 ከተሳሳተ ውጤቱ 42 ነው። ወዲያው ስላነበበው ሦስት ጥያቄ በቃል ይጠይቁት። በቀን አምስት ልጅ ቢያዩ ከክፍለ ጊዜው 15 ደቂቃ ያህል ይበቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ። የእንግሊዝኛን የቃላት ቁጥር ለአማርኛ መለኪያ አያድርጉ። «ስላልነገረችኝ» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አምስት ያህል ቃል ይወጣዋል። ልጁን ካለፈው ወር ከራሱ ውጤት ጋር ያወዳድሩት።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። «ሰፊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደ» የሚለውን ልጁ ሁለቱንም «ሰፊ» አላልቶ ካነበበ፣ ወይም «የገና በዓል» ሲል «ገና አልመጣም» እንደሚለው «ና»ን ካላላው፣ ፊደሉን ያውቃል፤ ትርጉሙን ግን እየተከተለ አይደለም። ይህንን ከጭረቱ ለይተው በጎን ይመዝግቡት፤ መድኃኒቱ የተለየ ነው። ፊደል የሚስተው ልጅ ወደ ፊደል ገበታው ይመለስ፤ ጥብቀት የሚስተው ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ በዓይኑ አይቶ ደግሞ ያንብብ።

ጥያቄ፦ ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። ደብተሯ ሙሉ ራይት ነው፤ ስታነብ ግን ትደናቀፋለች።

መልስ፦ እናቴ፣ ደብተሩ ላይ ያለው ከሰሌዳ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ቃለ ጽሕፈት ይስጧት፤ ከመጽሐፏ 10 ቃል ይበቃል። የተሳሳተችውን አይቁጠሩ፣ ዓይነቱን ይዩ። «ቤት» ለማለት «ቢት» ከጻፈች ሣልስና ኃምስ ተደባልቀውባታል፤ «ነ» እና «ኘ» ከተምታቱባት ችግሩ ሌላ ነው። ያገኙትን ጽፈው ለመምህሯ ይላኩ።

ጥያቄ፦ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ሀ» ሲለዋወጡ ነጥብ ልቀንስ?

መልስ፦ በታችኛው ክፍል አይቀንሱ። ከፍ ሲሉ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ሆነ ማለት መሆኑን እያሳዩ ያስተምሩ።

ጥያቄ፦ እርስ በርስ ሲተራረሙ ሁሉም 10 ከ10 ይሰጣጣሉ።

መልስ፦ ነጥብ እንዲሰጡ አይጠይቋቸው። ሦስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ ኃይለ ቃሉ (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘው ዐረፍተ ነገር) የትኛው ነው? ከኃይለ ቃሉ ጋር የማይሄድ ዐረፍተ ነገር አለ? ያልገባህ ቃል የትኛው ነው? መልሱ ከጓደኛው ጽሑፍ ላይ ተሰምሮ መታየት አለበት። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ 12 ልጆች አስተምራለሁ። አንዳንዱ ፊደል አይለይም፣ አንዳንዱ ያነባል። ፈተና ብሰጥ መምጣት ያቆማሉ።

መልስ፦ ፈተናውን ይተዉት። ለእያንዳንዱ ልጅ በወር አንድ ጊዜ የአንድ ደቂቃ ድምፅ በስልክ ይቅዱ፦ ማንበብ የማይችለው ምስል አይቶ ይናገር፣ የሚችለው ያንብብ። የመስከረሙንና የታኅሣሡን አብራችሁ ስሙትና «ምን ተለወጠ?» ብለው ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ ልጆቹ የሚስቱት የጾታ ስምምነትን ነው፤ «እህቴ መጣ» ይላሉ። ንግግሩን አያቋርጡት። ሲጨርስ «እህትህ መጣች? ከማን ጋር መጣች?» ብለው ትክክለኛውን ቅርጽ በጥያቄ መልሰው ይስጡት፤ መልሱን «መጣች» ብሎ ከጀመረ በልጁ ስም በሚይዙት ካርድ ላይ ቀኑን ይጻፉ።