ወገብ ላይ የሚታሰረው ቋጠሮ

ሰሞኑን ገደል መውጣት የጀመረ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ከቋጠሮ ሁሉ ጠንካራው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ትዝ አለኝና አንጀቴ ተላወሰ።

በወጣትነታችን በገመድ እየተንጠለጠልን ፎቅ እንቀባ፣ መስታወት እናጥብ ነበር። ጓደኛዬ እጁ ፈጣን ነው። ወገቡ ላይ ሁልጊዜ የሚያስረው ቦውላይን የሚባለውን የቀለበት ቋጠሮ ነበር። ምን ያህል ክብደት ቢሸከም በቀላሉ ስለሚፈታ ሠራተኛ ይወደዋል። ችግሩ ገመዱ ሲላላ ነው። ያን ቀን ረፋዱን ሙሉ መስኮት ጠርዝ ላይ ሲቆም ይላላል፣ ሲንጠለጠል ይጠብቃል፣ መልሶ ይላላል። ገመዱ አዲስና የሚያሟልጭ ነበር። ከቋጠሮው የተረፈው ጫፍ አጭር ነው፤ ማጠናከሪያ ቋጠሮም የለውም። ጫፉ ቀስ በቀስ ሾለከ። ከምሳ በኋላ ወደ ኋላ ደገፍ ሲል የሚይዘው ነገር አልነበረም። ከሥር ያለው ርብራብ ተቀብሎት ዳሌው ተሰብሮ ተረፈ፤ ገመድ ላይ ግን ዳግም አልወጣም። እኔ በሕንፃው በሌላኛው በኩል ነበርኩ። አጠገቡ ብሆንና ቋጠሮውን ባየሁለት ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጆቼ፣ ጤነኛ ገመድ ላይ በትክክል የታሰረ ቦውላይንም፣ የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለው «ስምንት ቋጠሮ»ም ሰው ይችላል። ለወገብ የምትመርጡት ግን ጓደኛችሁ አይቶ ትክክል መሆኑን የሚለየውን ነው። ስምንት ቋጠሮ ተደርቦ ሲታሰር ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ከጎደለ ወዲያው ይታያል። ከወደቃችሁበት በኋላ መፍታቱ ጥርስ ያስነክሳል። ይሁን። አሜሪካዊቷን ሊን ሂልን የመሰለች አውራ ገደል ወጪ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቡኡ በሚባል ቦታ ገመዱን ቀበቶዋ ውስጥ አሳልፋ ሳትቋጥረው ወጥታ ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች። ዛፍ አተረፋት። ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው ያውቃል፤ ወገብ ላይ የሚታሰረውን ጠፍር ከላይ ሆነው የሚጎትቱት ሌሎች ናቸው። ገመድ ላይ ነፍሳችሁ በጓደኛችሁም እጅ ናት።

የዛሬ ልጆች ከስልክ ቪዲዮ ሃያ ዓይነት ቋጠሮ ትማራላችሁ፤ አንዱን በጨለማ ቋጥሩ ስትባሉ ግን እጃችሁ ይጠፋዋል።

ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ ሲሆን እኔም ያንኑ ቦውላይን አስራለሁ። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ገመድ ከሆነ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጫፍ አስተርፌ፣ በማጠናከሪያ ቋጠሮ እዘጋዋለሁ። ካራቢነር በሚባለው ተከፋች የብረት ቀለበት ላይ የገመዱን ርዝመት ለማስተካከል፣ ክሎቭ ሂች የሚባለው ሁለቴ የሚጠመጠም ቋጠሮ ግሩም ነው። ለስላሳ የብረት ቧንቧ ላይ ግን ይንሸራተታል፤ እዚያ ስሊንግ (ቀለበት ሆኖ የተሰፋ ጠፍር) ጠምጥሙና ገመዱን በካራቢነር ያዙት።