ዳሳሹ 85 ዲግሪ ሲል

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የምጠምቀውን ቢራ ሙቀት በአርዱዊኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና በዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ዳሳሽ እከታተላለሁ። ንባቡ 19 ዲግሪ ላይ ቆይቶ ድንገት 85፣ አንዳንዴም -127 ይላል። ማቀዝቀዣውም ያለምክንያት ይነሳል። ዳሳሹን ልቀይረው?

መልስ፦ አይቸኩሉ፤ ሁለቱም ቁጥሮች የቢራው ሙቀት አይደሉም። 85 ዳሳሹ ኃይል ሲያገኝ የሚይዘው መነሻ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ ልኬቱ ሳያልቅ ካነበበ፣ ወይም ኃይሉ ለቅጽበት ተቋርጦ ከተመለሰ፣ ያንኑ ያገኛል። በ12 ቢት ጥራት (የዳሳሹ ከፍተኛ የልኬት ጥራት) አንድ ልኬት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ ከልኬት ትእዛዙ በኋላ ያን ያህል ጠብቆ ያንብብ። -127 ደግሞ ላይብረሪው (ፕሮግራሙ ዳሳሹን የሚያነብበት ዝግጁ ኮድ) ዳሳሹን ሲያጣው የሚሰጠው የስህተት ምልክት ነው፦ የላላ ሽቦ ይፈልጉ፤ በዳታና በኃይል መስመሮቹ መካከል 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር መኖሩን ይዩ። ኮዱም ሁለቱን ቁጥሮች ይጣል። የብቅሉ ጭማቂ በሚፈላበት ዕቃ ላይ ግን 85 እውነተኛ ሙቀት ሊሆን ስለሚችል እዚያ አይጣሉት።