ከብቱ ይሸጥ ወይስ የዱር እንስሳ ይጨመር?

ጥያቄ፦ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ 1,000 ሄክታር የግጦሽ መሬትና 260 ከብት አለኝ። ድርቅ በመጣ ቁጥር የከሳውን በርካሽ እሸጣለሁ። ሁሉንም ሸጬ የዱር እንስሳት ባረባ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከብቱን ከመሸጥዎ በፊት ሣሩን ይመዝኑ። ዝናቡ ሲያበቃ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የሽቦ ክፈፍ ይሥሩ። ለምለሙም ገላጣውም ላይ ቢያንስ 20 ቦታ እየጣሉ ውስጡ ያለውን ሣር ከሥሩ ይጨዱ፤ በፀሐይ አድርቀው ይመዝኑ። አማካዩ 120 ግራም ቢሆን በሄክታር 1,200 ኪሎ ደረቅ ሣር ነው። ከብት ሊበላው የሚገባው ሲሶውን፣ 400 ኪሎውን ብቻ ነው። የቀረው ይረገጣል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ አፈሩንም ይሸፍናል። እሱንም ካስጋጡት ሥሩ ይደክምና ቦታውን ቁጥቋጦ ይወርሰዋል።

250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ፣ በዓመት 2,280 ኪሎ ገደማ ይበላል። ስለዚህ ለአንዱ 5.7 ሄክታር ያስፈልገዋል፤ መሬትዎ የሚችለው 175 ነው። ኪሳራዎ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሣር ያነሳት ላም ትከሳለች፣ የከሳች ላም ቶሎ ኮርማ አትፈልግም፣ ሳትወልድ የከረመች ላም ደግሞ ያንኑ 2,280 ኪሎ በልታ ጥጃ አትሰጥዎትም። እባክዎ ድርቁን አይጠብቁ፤ ሥጋ ሳይለቃቸው ያላረገዙትን፣ ጥርሳቸው ያለቀውንና የደረሱ ወይፈኖችን አስቀድመው ይሽጡ።

ወደ ዱር እንስሳቱ ስንመጣ፣ አጋዘንና ቀጭኔ ቅጠል በል ስለሆኑ ከብትዎን ብዙም አይሻሙም፤ ቁጥቋጦውን ወደ ገቢ ይለውጡታል። የሜዳ አህያና ዊልደቢስት (ከብት የሚመስል ትልቅ የአፍሪካ የዱር እንስሳ) ግን ሣር በል ናቸው። አንድ የሜዳ አህያ ሲያስገቡ ቢያንስ አንድ ከብት ይቀንሱ። ዊልደቢስት በሚወልድበት ወቅት ከብት እዚያው አያሰማሩ፤ ግልገሎቹ ከብት የሚገድል ትኩሳት ያስተላልፋሉ። ጎሽ ሳይታመም የአፍተግር ቫይረስ ስለሚሸከም የከብት ገበያዎን ሊያዘጋብዎት ይችላል፤ ባያስገቡት እመክራለሁ።

ከሁሉ በፊት እንስሳቱን የመሸጥ ወይም የማስጎብኘት መብት ሕጉ ለእርስዎ መስጠቱን ያረጋግጡ። ካልሰጠዎት ወጪው ብቻ የእርስዎ ይሆናል። ትልቁ ወጪ አጥሩ ነው፤ አጋዘን 2 ሜትር ስለሚዘል ቁመቱ 2.4 ሜትር መሆን አለበት። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ 1,000 ሄክታር ዙሪያው 12.6 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎረቤቶችዎ ጋር ተጣምረው 4,000 ሄክታር ብታጥሩ ግን 25.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ መሬቱ አራት እጥፍ ሲያድግ አጥሩ የሚያድገው ሁለት እጥፍ ነው። ብቻዎን ከሆኑ ዘንድሮ አጥሩን ይተዉትና 85ቱን ከብት ይቀንሱ።